ኮምፒውተሩን ከመፍታትህ በፊት ሶኬቱን ፍታ

ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ያለው ዴስክቶፕ በየሳምንቱ ሐሙስ እየጠፋ ይነሳ ነበር። ዊንዶውስ አስጫንኩለት፣ ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩለት፣ ወይ ፍንክች። እናቴ «ምጣድ ስጥድ አምፖሉም እኮ ያንቀላፋል» ስትለኝ ነው የባነንኩት። ለካ ሐሙስ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው።

3 ኪሎዋት ተኩል የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ይህ ሁሉ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦና በአንድ የላላ ብሎን ካለፈ፣ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀርና ኮምፒውተሩ ጋ ትርፍራፊው ይደርሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን ያዝ። ሲጠፋ ቤት ውስጥ ምን በርቷል? ምጣድ? ካውያ? ወይስ ጎረቤት ብየዳ ይዟል? ከዚያ ምጣዱ እንደበራ ኮምፒውተሩን ሌላ ክፍል ወስደህ፣ ያለ ዲቫይደር፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። እዚያ ደህና ከሠራ ኮምፒውተሩን ተወው፣ ጥፋቱ መስመሩ ላይ ነው።

አሁን የድሮውን ሶኬት ዳብሰው። ከጋለ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተህ ዋናውን ብሬከር አውርድና ፍታው። ከመንካትህ በፊት ግን በቴስተር ሞክር፤ ቴስተሩንም አስቀድመህ በሚሠራ ሶኬት ፈትሸው፣ የሞተ ቴስተር ሰው ይገድላል። የእኛን ስፈታው የኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ብሎን በጥፍር ይዞር ነበር፣ ሽቦው ጫፉ ከስሏል። የከሰለውን ቆርጬ፣ አዲስ ልጬ፣ አዲስ ሶኬት ላይ አጠበቅሁት። ለምጣዱ ደግሞ ከብሬከሩ የሚነሳ የራሱን መስመር፣ ወፈር ባለ ሽቦ፣ በኤሌክትሪሺያን አዘረጋን። እዚህ ላይ ብር አትቆጥብ።

የኮምፒውተሩን ኬዝ (የብረት ሣጥኑን) ስትነካ ጣትህን ነዘር ካደረገህ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ፣ የለህም ማለት ነው። የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር ቆርጦ የሚሰካ ሰው አይቻለሁ፤ አንተ እንዳታደርገው። ባለሙያ የግራውንድ ዘንግ ይቅበርልህ።

የኢንተርኔቱ ገመድ ከመብራት ሽቦ ጋር ታስሮ ከሄደም ለያየው፣ አንድ ስንዝር ይበቃል።

አምፖሎች በድንገት ከልክ በላይ ቦግ ካሉ ግን ሶኬት መፍታቱን እርሳው። ኒውትራሉ ከውጭ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ዋናውን አውርድ፣ ሁሉንም ንቀል፣ መብራት ኃይል ደውል። ቆጣሪውን እንዳትነካ።