ባዮስ ውስጥ ያልታየን ኤስኤስዲ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

አዲስ ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) ገጥመው ባዮስን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም) ሲከፍቱ የዲስኩን ስም ካጡት፣ ተበላሽቷል ብለው ለመመለስ አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ደህና ነው፤ የተፈለገው ሊገኝ በማይችልበት ገጽ ላይ ነው። ኤስኤስዲዎች ከኮምፒውተሩ ጋር በሚገናኙበት መንገድ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ ተብለው ይለያሉ። በባዮስ ውስጥ የሳታ ዲስኮች፣ የኤንቪኤምኢ ዲስኮችና የማስነሻ ቅደም ተከተል (ኮምፒውተሩ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚወስነው ዝርዝር) አብዛኛውን ጊዜ በተለያዩ ገጾች ይቀመጣሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የዲስኩን ዓይነት ይለዩ። በኤም.2 ቅርጽ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ በሚሰካ ስስ ካርድ መልክ) የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። አብዛኞቹ 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ስላላቸው 2280 ይባላሉ። ነገር ግን አንዳንዶቹ ሳታ፣ ሌሎቹ ኤንቪኤምኢ ናቸው። ወርቃማ መገናኛዎቹ ያሉበትን ጠርዝ ጠጋ ብለው ይመልከቱ፦ አንድ ክፍተት ብቻ ካለው ኤንቪኤምኢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሁለት ካለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳታ ነው። ሁለት ክፍተት ያላቸው ኤንቪኤምኢዎችም ስላሉ በዚህ ብቻ አይወስኑ፤ በላዩ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ያረጋግጡ።

ኤንቪኤምኢ ከሆነ የሳታውን ገጽ ይተዉትና «ኤንቪኤምኢ ኮንፊገሬሽን» ወይም ተመሳሳይ ስም ያለውን ገጽ ይክፈቱ። ይህ ዲስክ በሳታ መቆጣጠሪያ በኩል አያልፍም፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በተባለ ፈጣን መስመር ከፕሮሰሰሩ ወይም ከቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱን ክፍሎች ከሚያገናኘው ቺፕ) ጋር ይገናኛል። የሳታ ወደቦቹ ሁሉ ባዶ ተብለው ቢደረደሩ ትክክል ነው።

እዚያም ከሌለ የማዘርቦርዱን መመሪያ መጽሐፍ አውጥተው የማስገቢያዎቹን ሠንጠረዥ ያንብቡ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ኤንቪኤምኢን ብቻ በሚቀበል ማስገቢያ ውስጥ የገባ የሳታ ዲስክ፣ ልክክ ብሎ ቢገጥምም ፈጽሞ አይታይም። በተቃራኒው፣ አንዳንድ ማስገቢያዎች መስመራቸውን ከሳታ ወደቦች ጋር ስለሚጋሩ፣ አዲሱ ኤም.2 ሲገጠም በእነዚያ ወደቦች የነበረው ነባር ዲስክ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ገመዱን ወደ ሌላ ወደብ ማዛወር ይበቃል። ፕሮሰሰሩም ይወስናል። በኢንቴል 500 ተከታታይ ቺፕሴት በተሠሩ ማዘርቦርዶች ላይ ከፕሮሰሰሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ኤም.2 ማስገቢያ የሚሠራው በ11ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው። በዚያው ቦርድ ላይ የ10ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ከገጠሙ ማስገቢያው ዝም ይላል፤ ዲስኩን ወደ ሌላኛው ማስገቢያ ያዛውሩት።

ቦታው ትክክል ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍተው የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ። ዲስኩን ያውጡትና እንደገና ጋደል አድርገው እስከ መጨረሻው ይግፉት፤ ከዚያ ወደ ታች ተጭነው በብሎኑ ያጥብቁት።

በማስነሻ ዝርዝር ላይ ብቻ ካልታየ ግን ምንም አልተበላሸም። በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የባዮስ ዓይነት) የሚሠራ ማዘርቦርድ እዚያ የሚያሰፍረው ማስነሻ ፋይል ያገኘበትን ዲስክ ነው፤ ባዶ ዲስክ ላይታይ ይችላል። ዊንዶውስን ከፍላሽ ይጫኑበት፣ ከዚያ በኋላ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» በሚል ስም ብቅ ይላል።

ከ2014 በፊት የወጡ ማዘርቦርዶች ደግሞ በአብዛኛው ከኤንቪኤምኢ ዲስክ መነሳት አይችሉም። ባዮሱን ማደስ የሚረዳው አምራቹ ይህን ድጋፍ በአዲሱ ቅጂ ከጨመረበት ነው። ካልጨመረም፣ ስርዓተ ክወናውን በሳታ ዲስክ ላይ አድርገው ኤንቪኤምኢውን ለፋይል ማስቀመጫ መጠቀም ይቻላል።

ባዮስ እያየው የዊንዶውስ መጫኛ ካላየው ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቪኤምዲ የተባለው፣ የኤንቪኤምኢ ዲስኮችን የሚያስተዳድር የኢንቴል ቅንብር ነው። የኢንቴልን የማከማቻ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) በፍላሽ ይዘው መጫኛው ሲጠይቅ ይስጡት። ቅንብሩን ማጥፋትም ያሠራል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ቀድሞ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አይንኩት፣ ሲስተሙ መነሳት እምቢ ሊል ይችላልና።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ዲስኩን በዓይነቱ በሚቀበለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት። እዚያም ካልታየ ዋስትናውን የሚጠይቁበት ጊዜ ያን ጊዜ ነው።