ድራም ኮር ለማያውቅ ሰው የቱን ትርኢት እናሳይ?

ድራም ኮር (ወጣቶች በሜዳ ላይ እየተሰለፉ በናስ መሣሪያና በከበሮ የሚያሳዩት የውድድር ትርኢት) አይቶ የማያውቅ ወዳጅ ካላችሁ የመጀመሪያውን ትርኢት አስባችሁ ምረጡለት። እኛ የምንወደው ሁሉ ለጀማሪ አይሆንም። እሱ ነጥብና ቴክኒክ አይከታተልም፤ ልቡን የሚይዘው ታሪክ ነው።

የኔ ምርጫ ፋንተም ሬጅመንት የተባለው ቡድን የ2008 «ስፓርታከስ» ነው። ታሪኩ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ባሮች በሮም ጌቶቻቸው ላይ ያምፃሉ፣ አለቀ። የአቀናባሪው ካቻቱሪያን ሙዚቃ በትራምፔትና በቱባ ሲመጣ ደረት ይነዝራል። ልጆቹ በየተራ «እኔ ስፓርታከስ ነኝ!» እያሉ ሲጮኹ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብዳል። በዚያ ዓመት የዲሲአይን (የአሜሪካ ዋናው የድራም ኮር ውድድር) ዋንጫ የወሰዱት ብሉ ዴቭልስ የተባለውን ቡድን በ0.025 ነጥብ ብቻ በልጠው ነው። ይህን ግን አስቀድማችሁ አትንገሩት፣ ካየ በኋላ ይድረሰው።

አሜሪካ ላሉ፣ ልጃቸው በትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ ለገባ ቤተሰቦች የብሉኮትስ የ2016 «ዳውን ሳይድ አፕ» የተሻለ ይመስለኛል። ልጆቹ በትልልቅ ጠማማ መንሸራተቻዎች ላይ ይወጣሉ፣ ይንሸራተታሉ። ወጣቶች ወዲያው ይወዱታል።

የስታር ኦፍ ኢንዲያና የ1993 «ሜዲያ»ስ? ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን ሙዚቃው ጆሮ ይፈትናል። ለኋላ አቆዩት።

ቪዲዮ ስትመርጡ ሜዳውን በሙሉ ከላይ የሚያሳየውን ያዙ። ፊት ላይ ብቻ የሚያተኩር ካሜራ የሰልፉን ቅርጽ ይደብቃል። በስልክ ድምፅም አታሳዩ፤ ደህና ስፒከር ፈልጉ። ትርኢቱ 12 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ መሃል ላይ አታቋርጡት።