ለክረምት ማገዶ
ደብረ ብርሃን ላይ ክረምት ሲገባ እናቶችን የሚያስለቅሰው እርጥብ ማገዶ ነው። እሳቱ ኃይሉን በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውኃ ለማትነን ይጨርስና ለድስቱ ጭሱ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ስትገዙ ሁለቱን አጋጩ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርቋል፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ተዉት። ዝናብ የነካውን ማታ ወጡ ከወረደ በኋላ ከምድጃው ክንድ ያህል አርቃችሁ አቁሙት፤ ፍሙንም በአመድ ቅበሩት። ጠዋት ረመጡን ገለጥ አድርጋችሁ ጭራሮ ስትጨምሩበት ያለ ክብሪት ይያያዛል። ምድጃውን በእንጨት አታጨናንቁት፣ አየር ይፈልጋል።

ባቄላና ሽንብራ ደግሞ ከማታ ጀምሮ ይዘፍዘፍ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ምግብ ለመብሰል ስለሚዘገይ ያልተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ማገዶ ይፈጃል። አደራ፣ ፍም ይዛችሁ በተዘጋ ቤት አትተኙ።