ዘውድ ያልጫነው ንጉሥ ሳንቲም ስንት ያወጣል?

መጀመሪያ ራሴን ላጋልጥ። አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ የእሑድ ገበያ ላይ ወርቅ የመሰለ፣ ጎሽ የተቀረጸበት ትልቅ ሳንቲም አየሁ። ፊቱ ላይ 50 ዶላር ይላል። ሻጩ በ40 ሰጠኝ። እኔም በልቤ «ባይሆን ባንክ ወስጄ ብመነዝረው 10 ዶላር አተርፋለሁ» ብዬ፣ ሰውየው ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ልሂድ በማለት ዞር እንኳ ሳልል ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የማረጋገጫ ወረቀት ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። «በንጹሕ ወርቅ የተለበጠ» ይላል። የወርቁ መጠን የተጻፈው በሚሊግራም ነው። ወረቀቱ አልዋሸም። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ራሱ ሳበኝ። መንግሥት ያላወጣው፣ የግል ሰው ያተመው፣ ሳንቲም የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር ለምን ይሠራል? ማንስ ይገዛዋል? አሁን እገዛለሁ፣ እሸጣለሁም፤ አልከበርኩበትም፣ አልከሰርኩበትም። መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሌላ ማሳሰቢያ፦ በእኛ ቋንቋ ብር ማለት ማዕድኑም ገንዘቡም ነው፣ እዚህ ግን ብር ስል ማዕድኑን ብቻ ነው። ሳስበው ግማሹ ተታላይ የሚታለለው በዚሁ ነገር ነው፤ እንደ ብር የሚያበራ ሁሉ ገንዘብ ይመስለዋል።

ፎርጅድና የምናብ ሳንቲም አንድ አይደሉም። ፎርጅድ ያለን ነገር አስመስሎ ሰው ለማታለል የተሠራ ነው። የምናብ ሳንቲም፣ ሰብሳቢዎች ፋንታሲ ኮይን የሚሉት፣ ኖሮ የማያውቅ ነገር ነው። ወይ አገሩ የለም፣ ወይ ዓመቱ አይገጥምም፣ ወይ ንጉሡ በዚያ ሳንቲም ላይ ተቀርጾ አያውቅም። ሜዳሊያ ደግሞ የገንዘብ ዋጋ ያልተጻፈበት መታሰቢያ ነው። ክብ ሆኖ፣ ክብደቱና ንጥረቱ ብቻ የተጻፈበትን የብር ቁራጭ ነጋዴዎች ራውንድ ይሉታል። እነዚህን ስሞች ካልለያችሁ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉም ስትሸጡም ትጠፋላችሁ።

ምሳሌ ካልሰጠሁ ነገሩ አይገባም። ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ወጣ ብሎ ላንዲ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ማርቲን ኮልስ ሃርማን የሚባል ባለሀብት በ1920ዎቹ አጋማሽ ገዛት። በ1929 ደግሞ የራሱን ምስል በአንድ ወገን፣ ፐፊን የምትባለውን የባሕር ወፍ በሌላው ወገን አስቀርጾ የነሐስ ሳንቲም አሳተመ። ስሙንም በወፏ ስም ፐፊንና ግማሽ ፐፊን አለው። የእንግሊዝ መንግሥት ከሰሰው። ቅጣቱ 5 ፓውንድና የፍርድ ቤት ወጪ ነበር፤ ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ዛሬ ያንን ሳንቲም የሚፈልግ ሰው የሚከፍለው ለነሐሱ አይደለም፣ ለክሱ ነው። ታዲያ ተጠንቀቁ፤ በ1965 ለሰብሳቢዎች ተብሎ ሌላ ዙር ታትሟል፣ ሻጭ ሁለቱን ሲያደባልቅ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ነው። በ1936 ነገሠ፣ ዘውድ ሳይጭን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ለሚወዳት ሴት ብሎ ዙፋኑን ለቀቀ። በእሱ ምስል ለሕዝብ ገበያ የዋለ የእንግሊዝ ሳንቲም የለም ማለት ይቻላል፤ የነበሩት ጥቂት የሙከራ ሳንቲሞች ናቸው። ሰብሳቢ ደግሞ ክፍተት አይወድም፤ አልበሙ ውስጥ የእሱ ቦታ ባዶ ሲሆን እንቅልፍ አይወስደውም። ይህን ያዩ የግል አታሚዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ምስሉ ያለበትን ትልልቅ ሳንቲም በብርም በሌላም እያተሙ ሸጡ። ስለዚህ የኤድዋርድ 8ኛ ምስል ያለበት ትልቅ የብር ሳንቲም ገበያ ላይ ካያችሁ የምናብ ነው ብላችሁ ጀምሩ። የሚገርመው፣ በስሙ ታትሞ ሕዝብ እጅ ከገባው አንዱ የወጣው አገራችን ጎረቤት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የ1936 ባለ 10 ሳንቲሙ፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው፣ ስሙን ይዟል። ምስሉን ግን አልያዘም።

ሦስተኛው የአሜሪካ ነው። በ1965 የዴንቨር ሚንት፣ ማለትም የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያው፣ 316,076 የብር ዶላር በ1964 ዓመት ስም አትሞ ነበር። ሁሉም ቀለጠ። ዳንኤል ካር የሚባል የኮሎራዶ አታሚ ታዲያ እውነተኛ የድሮ የብር ዶላሮችን ወስዶ በላያቸው ላይ እንደገና 1964 ብሎ አተመባቸው። በሰብሳቢዎች መካከል እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ገዢ ግን አላጣም።

እነዚህን ሦስቱን ያመጣኋቸው ለወሬ አይደለም። አንድ ዕቃ ስታነሱ የምትከፍሉት ለሁለት ነገር ነው፦ ለማዕድኑና ለታሪኩ። ከዚህ ሌላ የተጨመረ ሁሉ፣ ሣጥኑ፣ የከፋይ ጨርቁ፣ የወርቅ ቀለም ያለው ማኅተም፣ «በቁጥር የተወሰነ» የሚለው ጽሑፍ፣ ለመጀመሪያው ሻጭ የተከፈለ ነው፣ ተመልሶ አይመጣም። ፍራንክሊን ሚንት የሚባለውን የግል አታሚ ውሰዱ። በ1964 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ተቋቁሞ ለስንት ዓመት የብር ሜዳሊያ በየወሩ በፖስታ እየላከ ሸጠ። ሥራው በእውነት ያማረ ነው። ግን ብዙ ታትሟል፣ ብዙ ሰውም ሣጥኑን እንዳለ አስቀምጦታል። ዛሬ አብዛኛው የሚሸጠው በብሩ ክብደት ነው። ለእኛ ይህ መልካም ዜና ነው፤ አባታቸው የተዉላቸውን ዕቃ የሚሸጡ ልጆች ብዙ ጊዜ ሣጥኑን መክፈትም ይሰለቻቸዋል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳብ ሥሩ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። 925 የሚል ማኅተም ያለበት፣ ማለትም ከሺው 925ቱ እጅ ብር የሆነ፣ 40 ግራም ሜዳሊያ ይዛችኋል እንበል። 40ን በ0.925 ስታበዙት 37 ግራም ንጹሕ ብር ነው። የከበሩ ማዕድናት አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ 37ን ለ31.1 ስታካፍሉ 1.19 አውንስ ይመጣል። ይህን በዕለቱ የብር ዋጋ አብዙት። ሻጩ ከዚህ በታች ከጠራ አትከራከሩ፣ ክፈሉ። በላይ ከጠራ ግን «ታሪኩ ምንድን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ከሌለ አስቀምጡት።

ማኅተሙን ግን አትመኑ፤ 999 ብሎ መቅረጽ ለማንም አያቅትም። «የጀርመን ብር» ወይም «ኒኬል ሲልቨር» የሚለው ደግሞ ከስሙ በቀር ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። እኔ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ጠንካራ ማግኔትና አጉሊ መነጽር አለ። ብር ማግኔት አይስበውም። ቀጥሎ ጠርዙን ነው የማየው፣ ልብጥ ከሆነ ቀድሞ የሚላጠው እዚያ ነው፤ ቀላ ያለ ወይም ቢጫ ነገር ብቅ ካለ አበቃ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ደግሞ የውኃው ዘዴ አለ፤ ከሁሉም እሱን እወደዋለሁ። የግራምን መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል፣ ርካሽ ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙን መዝኑ። ከዚያ በብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ አንድ ትንሽ ቁጥር ያሳያል። የሳንቲሙን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። ንጹሕ ብር 10.5 አካባቢ ይሰጣል፣ 925 ትንሽ ዝቅ ይላል፣ መዳብ ወደ 8.9 ይወርዳል። አንድ አውንስ የሚባል ራውንድ 31.1 መዝኖ ውኃው ውስጥ 2.97 ካሳየ ደህና ነው። 3.5 ካሳየ ተሸውዳችኋል። እርሳስ የገባበት ቅይጥ በዚህ ሊያልፍ ስለሚችል ከማግኔቱና ከጠርዙ ጋር አብራችሁ ፍረዱ።

አንድ ነገር በፍጹም አታድርጉ፦ አትወልውሉ። እናቶቻችን ብር ጌጥ በአመድና በሎሚ ሲያሹ አይተን አድገናል፣ እጃችን ይበላናል፣ ግን የተወለወለ ሳንቲም ሰብሳቢ አይነካውም። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥም አታቆዩት፣ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ አተላ ይተፋበታል። ጠንካራ ክብ ማስቀመጫ ግዙለት፣ ጠርዙን ይዛችሁ አንሡት፣ ያ ነው።

አሁን ወደ ሽያጩ። ዋጋ ስትፈልጉ ሻጮች የጠሩትን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ በሚባለው የሽያጭ ድረ ገጽ ላይ የተሸጡ ዕቃዎችን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፣ እሱን ተጫኑ። አንድ ሰው 900 ዶላር ጠርቶ ሦስት ዓመት ተቀምጧል ማለት ዕቃው 900 ያወጣል ማለት አይደለም። ዕቃውን ለማወቅ ኑሚስታ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ የምናብ ሳንቲሞችንና ሜዳሊያዎችን ለብቻ መዝግቧል። የድሮ ሰብሳቢዎች «ኤክስ ቁጥሩ ስንት ነው?» ካሏችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ያልተለመዱ ሳንቲሞችን የሚዘረዝረው ካታሎግ ቁጥሮቹን ኤክስ በሚል ፊደል ስለሚጀምር ነው።

ማስታወቂያ ስትጽፉ እውነቱን ርዕሱ ላይ አድርጉት። «የምናብ ሳንቲም፣ በግል የታተመ፣ ብር 925፣ 28 ግራም»። ታች ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል መደበቅ አይሠራም፤ ገዢው ይመልሰዋል፣ የመላኪያውን ትከፍላላችሁ፣ ስማችሁም ይበላሻል። ሁለቱንም ፊት፣ ጠርዙን፣ ሚዛን ላይ ያለበትን ፎቶ አስገቡ። ከዚያ ታሪኩን በአራት አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የላንዲን ፐፊን ያለ ታሪኩ ያስቀመጠ ሻጭ ወፍ ያለበት ነሐስ ነው የሚሸጠው። ኢቤይ ከሽያጩ ከአሥር በመቶ በላይ እንደሚቆርጥም ሒሳብ ውስጥ አስገቡ፤ እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ረስቼ በነፃ ስሠራ ነበር።

ሕጉስ? አሜሪካ ውስጥ ከ1973 ጀምሮ የእውነተኛ ሳንቲም አስመሳይ ከሆነ «ኮፒ» የሚል ቃል እንዲቀረጽበት ሕጉ ያዛል። ሳይቀረጽበት ካገኛችሁት አትሽጡት። ከዚያ የባሰው ደግሞ የግል ሳንቲምን እንደ መገበያያ ገንዘብ ማሰራጨት ነው። ሊበርቲ ዶላር የሚባለውን የብር ሳንቲም ያሰራጨው በርናርድ ቮን ኖትሃውስ በ2011 ጥፋተኛ ተብሏል። ለሰብሳቢ መታሰቢያ ብሎ መሸጥ ሌላ፣ ሱቅ ገብቶ በእሱ መክፈል ሌላ።

አገር ቤት ካሉ ሰዎች ሁሌ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ማርትሬዛ አለኝ፣ የ1780 ነው፣ ስንት ያወጣል?» የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች። ጠገራው ግን ከሞተችም በኋላ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሲታተም ኖረ፤ ሙሶሊኒም በ1935 መብቱን ያገኘው አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ ነው። ስለዚህ የምናብ ሳንቲም ባይሆንም የአክስት ልጁ ነው፤ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግራችሁም። መዝኑት፦ 28.07 ግራም አካባቢ መሆን አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። ጠርዙ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ይነበባል። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም ፊደሉ የተልፈሰፈሰ ከሆነ በቅርጽ ፈሶ የተሠራ ነው። አብዛኛው እውነተኛ ማርትሬዛ ዋጋው ከብሩ ብዙም አይርቅም፣ ተበስቶ ወይም ተበይዶ ጌጥ ከነበረ ደግሞ ሰብሳቢ ይቀንስበታል። ለእኔ ግን የተበሳው ይበልጥብኛል፤ የማን አንገት ላይ እንደነበረ እያሰብኩ አየዋለሁ።

የምኒልክም የብር ሳንቲም እንዲሁ ነው። በፓሪስ የታተመው እውነተኛው 28 ግራም ገደማ ነው፤ ቱሪስት የሚበዛበት ሱቅ ውስጥ ቀለል ብሎ ካገኛችሁት «የአያቴ ነው» የሚለውን ወሬ አድንቃችሁ እለፉ። እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ ቦሌ ላይ አትሂዱ። ጥንታዊ ቅርስ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ያ የጎሽ ሳንቲም አልጋዬ አጠገብ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከነሣጥኑ ተቀምጧል። ባለፈው አንድ ጓደኛዬ አይቶት በ50 ዶላር ልግዛህ አለኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁትና አንብበው አልኩት።