ዲስኩ አልጽፍም ሲል፦ የኤክስት4 ችግሮችና መፍትሄያቸው

ትናንት ደህና ሲሠራ የዋለ ሰርቨር ዛሬ ፋይል አልቀበልም ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ፎርማት ማድረግን ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። ኤክስት4 (ሊኑክስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ፋይል ሲስተም) ችግር ሲገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ሎግ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። እሱን ሳያነቡ መነካካት ግን ሊተርፍ የሚችለውን ዳታ ያጠፋል። ትዕዛዞቹን እዚህ የጻፍኩት በአነባበባቸው ነው።

ስለ ጆርናሉ አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። ኤክስት4 በዲስኩ መዋቅር ላይ የሚያደርገውን ለውጥ ቦታው ላይ ከማስፈሩ በፊት ጆርናል ላይ ይመዘግባል። መብራት ድንገት ቢሄድ፣ ማሽኑ ሲነሳ መዝገቡን አይቶ ተመዝግቦ ያለቀውን ይፈጽማል፣ ያላለቀውን ይተወዋል። ነገር ግን ኦርደርድ በሚባለው መደበኛ ሞድ ጆርናሉ ውስጥ የሚገባው ሜታዳታው ብቻ ነው፤ የፋይሉ ስም፣ መጠኑ፣ ያለበት ቦታ። ፋይሉ ውስጥ ያለው ይዘት አይገባም። ጆርናል አለኝ ብሎ ባካፕ የማይይዝ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጨረሻው ሥራ ጠፋ

ዲስኩ ደህና ነው፣ ፋይሉ ግን ባዶ ነው፤ ወይም የድሮውን ይዞ ቀርቷል። ምክንያቱ አዲሱ ጽሑፍ ገና ሚሞሪ ላይ እያለ መብራቱ መጥፋቱ ነው። ጆርናሉ በመደበኛው በየ5 ሰከንዱ ይጸናል፤ አዲስ ዳታ ግን ዲስክ ላይ ቦታ እስኪሰጠው ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ፋይሉን ከመዝጋታችሁ በፊት ኤፍሲንክን (ዳታው አሁኑኑ ዲስክ ላይ እንዲሰፍር የሚያዘውን) ጥሩ። ደህና ዳታቤዝ ይህን ራሱ ያደርጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ከማንኛውም ማስተካከያ በላይ ዩፒኤስ ይጠቅማል። ፍጥነት ለመጨመር ተብሎ ባሪየርን (ዲስኩ የአጻጻፉን ቅደም ተከተል እንዲጠብቅ የሚያስገድደውን) ማጥፋት አልመክርም፤ ጆርናሉ የሚታመነው የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ሲጠበቅ ነው።

ፋይል ሲስተሙ ድንገት ሪድ ኦንሊ ሆነ

ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ግን ራሱን የመከላከል እርምጃ ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መዋቅሩ ላይ ስህተት ሲያይ፣ ጉዳቱ እንዳይሰፋ መጻፍ ይከለክላል። እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ ዲስትሮዎች የሩት ፓርቲሽኑን (ሲስተሙ ራሱ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ሲያዘጋጁ ይህን ባሕርይ ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች ዝርዝር) ላይ ያስገቡታል። ሪማውንት አድርጎ (መጻፍ እንዲፈቅድ እንደገና ከፍቶ) ሥራ መቀጠል ግን አደጋ ነው።

መጀመሪያ ዲሜስግ ብላችሁ የከርነሉን ሎግ የመጨረሻ መስመሮች አንብቡ። «አይ/ኦ ኤረር» የሚል ካለ ጥርጣሬው ወደ ሃርድዌሩ ነው፦ ዲስኩ ራሱ፣ ኬብሉ፣ ወይም የዩኤስቢ ቤቱ። ስማርትሲቲኤል -ኤ ብላችሁ ዲስኩን ጠይቁት። ሪአሎኬትድ እና ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉት (የተበላሹና የሚያጠራጥሩ የዲስክ ቦታዎች) ቁጥሮች እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ እየሞተ ነው። እንዲህ ከሆነ ጥገና አትጀምሩ። በዲዲሬስኪው ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ፤ ጥገናው ቅጂው ላይ ይሁን።

ሃርድዌሩ ደህና ሆኖ ሎጉ «ኤክስት4-ኤፍኤስ ኤረር» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ፓርቲሽኑን አንማውንት አድርጉ (ከሲስተሙ አላቅቁት)። የሩት ፓርቲሽን ከሆነ በላይቭ ፍላሽ (ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ) ተነሱ። ማውንት በሆነ ፋይል ሲስተም ላይ ጥገና ማስኬድ ትንሹን ችግር ትልቅ ያደርገዋል። ቀጥሎ (ኤስዲቢ1 የሚለውን በራሳችሁ ፓርቲሽን ስም ተኩት)፦

ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ -ኤን /ዴቭ/ኤስዲቢ1

-ኤን ምንም ሳይነካ ያየውን ብቻ ይነግራችኋል። ካነበባችሁ በኋላ በ-ኤን ምትክ -ዋይ አድርጋችሁ አስኬዱት። ስማቸው የጠፋ ፋይሎች ሎስት+ፋውንድ ፎልደር ውስጥ በቁጥር ተሰይመው ይገኛሉ። ሳታዩዋቸው አትሰርዟቸው፤ የምትፈልጉት ሰነድ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ይላል

ዲኤፍ -ኤች ነጻ ጊጋባይት ካሳያችሁ፣ ዲኤፍ -አይ በሉ። አይኖድ (የእያንዳንዱ ፋይል መረጃ የሚያዝበት መዝገብ) 100% ከሞላ መንስኤው ተገኘ። እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ ይወስዳል፤ ብዛታቸው የሚወሰነውም ፎርማት ሲደረግ ነው። በመደበኛው ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ ስለሚሰጥ 1 ቴራባይት ዲስክ ወደ 61 ሚሊዮን ይኖረዋል። ይህን የሚጨርሱት ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው፤ ያልጸዳ የዌብሳይት ሴሽን፣ የኢሜይል ወረፋ፣ ካሽ። ዲዩ --አይኖድስ የትኛው ፎልደር እንደሆነ ያሳያችኋል። ዲስኩ ሁሌም ለጥቃቅን ፋይሎች ከሆነ፣ ሲፈጠር -አይ 4096 ብላችሁ አይኖዱን አብዙለት።

አይኖዱ ካልሞላ ኤክስት4 ለሩት (ለአስተዳዳሪው ተጠቃሚ) የሚያስቀምጠውን 5% አስቡ። በ1 ቴራባይት ላይ ወደ 50 ጊጋባይት ማለት ነው። ለዳታ ዲስክ ይህ ብዙ ነው፤ ቱን2ኤፍኤስ -ኤም 1 ወደ 1% ያወርደዋል። የሩት ፓርቲሽን ላይ ግን ተዉት፤ ዲስኩ ሲሞላ ገብታችሁ የምታጸዱት በዚህ በተቀመጠው ቦታ ነው።

ትልቅ ሎግ ሰርዛችሁ ቦታው ካልተመለሰ ደግሞ፣ የሆነ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ ይዞታል። ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1 (ኤሏ ትልቋ L ናት) ማን እንደያዘው ያሳያል። ፕሮግራሙን ሪስታርት ስታደርጉ ቦታው ይለቀቃል።

ዲስክ ከጨመርን ወዲህ ማሽኑ አልነሳም አለ

ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ከቆመ ኤፍኤስታብ ውስጥ ዲስኩ በምን ስም እንደገባ እዩ። ዛሬ ኤስዲቢ የሆነው ሌላ ዲስክ ሲሰካ ነገ ኤስዲሲ ሊሆን ይችላል። በስሙ ፋንታ ቢኤልኬአይዲ የሚያሳየውን ዩዩአይዲ (የማይለወጠውን መለያ ቁጥር) ጻፉ። ለመነሳት ግዴታ ላልሆነ ዲስክ ኖፌይል (ዲስኩ ባይገኝም ማሽኑ እንዲነሳ የሚያደርገውን) ጨምሩበት። ሪቡት ከማድረጋችሁ በፊትም ማውንት -ኤ ብላችሁ ሞክሩት፤ ስህተት ካለ ሥራ ላይ እያላችሁ ታዩታላችሁ።

«ባድ ሱፐርብሎክ» አለ

ብዙውን ጊዜ ሱፐርብሎኩ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መረጃ የሚቀመጥበት ብሎክ) ደህና ነው። ፓርቲሽኑን ሳይሆን ሙሉውን ዲስክ ማውንት ለማድረግ እየሞከራችሁ ይሆናል፤ በኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ አረጋግጡ። እውነትም ከተበላሸ ቅጂዎች አሉት። ባለ 4 ኪሎባይት ብሎክ ከሆነ የመጀመሪያው ቅጂ በተለምዶ ብሎክ 32768 ላይ ነው፤ ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ቢ 32768 ብላችሁ በእሱ ጠግኑ።

አዲስ ዲስክ ምንም ሳይጻፍበት ይሠራል

ይህ ብልሽት አይደለም። ፎርማቱ ቶሎ እንዲያልቅ ኤክስት4 የአይኖድ ሰንጠረዡን ከማውንት በኋላ ከበስተጀርባ ያዘጋጃል። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ጊዜ ይወስዳል። ሁሉም በአንዴ እንዲያልቅ ከፈለጋችሁ ፎርማት ስታደርጉ -ኢ (ትልቋ E) ሌዚ_አይቴብል_ኢኒት=0 ጨምሩ፤ ፎርማቱ ይረዝማል፣ ከዚያ በኋላ ግን ዲስኩ ዝም ይላል።