የድሮ ሳይክል ፔርኖ አልገጥም ሲል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ለሳይክል የተመቸች። ከአባት ለልጅ የተላለፉ ሳይክሎች በከተማዋ እስካሁን ይነዳሉ። ብዙዎቹን ጥግ የሚያስይዛቸው ግን አንድ ትንሽ ብረት ነው፤ ፔርኖው። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያያይዘው፣ በቴላዮው (በሳይክሉ ዋና የብረት አካል) ሆድ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ ማለቴ ነው።

የአባቴን ሳይክል ሳድስ አዲሱን ፔርኖ ከአሮጌው ጎን አስቀምጬ በዓይኔ ለካሁ። ቁመታቸው እኩል ነበር። ጢስ ዓባይ ሳልደርስ የግራው ክንድ ተነቀለ። ቁመት ብቻውን እንደማይበቃ የገባኝ ያኔ ነው።

ክንዱ ይላወሳል፤ ቢጠብቅም ተመልሶ ይላላል

ጫፉ አራት ማዕዘን ከሆነ መጀመሪያ ልኩን ጠርጥሩ። ሁለት ልክ አለ፤ ጂስ የሚባለው የጃፓን እና አይሶ የሚባለው ዓለም አቀፍ። ሲታዩ መንታ ናቸው፣ የአይሶው ጫፍ ግን ቀጠን ይላል። የጂስ ክንድ በአይሶ ፔርኖ ላይ ሲገባ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል አልፎ ይሰምጣል። ያኔ ቡሎኑ ፔርኖውን እንጂ ክንዱን አይጫንም። በተቃራኒው ሲሆን ክንዱ ሳይጠልቅ ወደ ውጭ ይቀራል።

እንዲህ አረጋግጡ። ቡሎኑን አጥብቁና መልሳችሁ ፍቱት፤ ቀዳዳውን በባትሪ እዩ። የፔርኖው ጫፍ ሮንዴላው ከሚያርፍበት የክንዱ ፊት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ መቅረት አለበት። እኩል ከሆነ ወይም ካለፈ ፔርኖው የዚያ ክንድ አይደለም። ከፋብሪካዎቹ የጃፓኖቹ የሺማኖና የሱጊኖ ክንዶች አብዛኞቹ ጂስ ናቸው፤ የጣሊያኑ የድሮ ካምፓኞሎ አይሶ ነው። የአልሙኒየሙ ቀዳዳ አንዴ ከተበላ ግን ክንዱን ቀይሩ። በቆርቆሮ መደለል የአንድ ቀን ዕድሜ ነው፤ መኪና መሀል ሲነቀል ነፍስ ያስከፍላል።

ክንዱ በፒን የሚያዝ ከሆነ ፒኑን በካሊፐር ለኩ። 9.5 ሚሊሜትር አለ፣ 9ም አለ። ቀዳዳው 9.5 ሆኖ 9 ከገባበት፣ በእያንዳንዱ ዙር ‘ቋ’ ማለቱ አይቀርም። ፒኑን በመዶሻ ስትመቱ ከክንዱ ሥር ብረት ደግፉ፣ አለዚያ ምቱን ኩሽኔታው ይቀበለዋል። ዳዶውን ማጥበቅ ከዚያ በኋላ ነው፤ ፒኑን በዳዶ መጎተት ዳዶው የሚገባበትን የፒኑን ጥርስ ይበላዋል። ሁለቱ ክንዶች በአንድ መስመር ካልቆሙ ደግሞ አንደኛው ፒን ተገልብጦ ገብቷል።

ካቴናው ይወልቃል፣ ወይም የፊቱ ጥርስ ቴላዮውን ይነካል

የፊትና የኋላ ጥርስ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ሰዉ ወዲያው የኋላውን ጎማ ያጣምማል። አትንኩት፣ ለኩ። ከፊት፣ ከኮርቻው ቧንቧ ጎን እስከ ጥርሱ መሀል ለክታችሁ የቧንቧውን ውፍረት ግማሽ ደምሩ። ከኋላ፣ ጎማው በሚታሰርባቸው በሁለቱ ሹካዎች መካከል ያለውን ስፋት ለሁለት ክፈሉ፤ ከዚያ ላይ ከቀኙ ሹካ ውስጥ እስከ ጥርሱ መሀል ያለውን ቀንሱ። ስፋቱ 110፣ የተቀነሰው 13 ከሆነ 42 ሚሊሜትር ይሆናል። የፊቱም ወደዚያ መጠጋት አለበት፤ ካልተጠጋ የሚቀየረው የፔርኖው ርዝመት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ፔርኖ በ4 ሚሊሜትር ሲረዝም ጥርሱ የሚወጣው በ2 ብቻ ነው፤ ቀሪው በግራ በኩል ይሄዳል። ጎኖቹ እኩል ያልሆኑ ፔርኖዎችም አሉ። እነሱን ስትገጥሙ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ ጥርሱ ነው፣ ወደ ቀኝ።

ኩሽኔታው ወይ ይጠብቃል ወይ ይላላል፤ መሀሉ አይገኝም

በፔርኖው ላይ ብዮቹ (የኩሽኔታው ትንንሽ የብረት ኳሶች) የሚያርፉባቸው ሁለት ቦታዎች ርቀት ከቴላዮው ጋር አልተስማማም። የቴላዮው ሆድ ስፋት ብዙውን ጊዜ 68 ሚሊሜትር ነው፣ የእንግሊዝ ልክ የሚባለው፤ የጣሊያኖቹ 70። አሮጌውንና አዲሱን ስታስተያዩ ከጫፍ ጫፍ ሳይሆን በብዮቹ መቀመጫዎች መካከል ያለውን ለኩ። ብዮቹን ራሳቸውንም በአዲስ ግራሶ ቀይሩ፤ በእንግሊዝ ልክ በየጎኑ 11 ናቸው፣ ሩብ ኢንች።

የቀኙ ኩባያ አልፈታ ይላል

ኩባያው ብዮቹን በቴላዮው ሆድ ውስጥ የሚይዘው፣ እንደ ቡሎን እየዞረ የሚገባው ቀለበት ነው። በእንግሊዝ ልክ የዚህ የቀኙ ኩባያ ጥርስ የግራ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የጣሊያኑ በሁለቱም ጎን እንደ ተለመደው ይፈታል። ናፍጣ አስጠጥታችሁ አሳድሩት፣ በማግስቱ ኩባያውን ሞርሳ ላይ አጥብቃችሁ ቴላዮውን ራሱን አዙሩት።