ካተር አልቆርጥ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ የወለል ፕላስቲክ በማንጠፍና ኮርኒስ በመስራት ነው የምተዳደረው። ካተር ከእጄ አይለይም። ጎረቤትም "ካተሬ ተበላሸ" ሲል ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። በእውነት የተበላሸው ግን ጥቂቱ ነው። የማወራው ሁሉም ቤት ስላለው፣ ምላጩ 18 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋውና እየተሰበረ ስለሚያልቀው ካተር ነው። ምላጭ መቀየር ታውቃላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ።

ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም

ካርቶኑ ጠርዙ ላይ ይቦጫጨቃል፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ እናንተ ደግሞ ኃይል ትጨምራላችሁ። ከአስር ካተር ዘጠኙ የሚመጣልኝ በዚህ ነው። መንስኤውም ሁሌ ያው ነው፤ ጫፉ ዶልዱሟል፣ ግን አልተሰበረም።

ምላጩ ላይ ያሉት ሰያፍ መስመሮች ሊሰበሩ ነው የተሰመሩት። ሀሳቡ በ1956 እ.ኤ.አ. ከጃፓን ነው የመጣው። ኦካዳ የተባለ ሰው እንደ ቸኮሌት እየተቆረሰ አዲስ ጫፍ የሚሰጥ ምላጭ ሰራ። የ18 ሚሊው ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ 8 ክፋይ አለው፤ ስለዚህ አንድ ምላጭ ስትገዙ 8 ስለት ገዝታችኋል ማለት ነው። ሰው ግን የመጀመሪያዋን ጫፍ ይዞ ዓመት ይከርማል።

አንዲት ጎረቤቴ ካተራቸውን ይዘው መጡ። ጫፉ እንደ ማንኪያ ጀርባ ዶልዱሟል፣ ከኋላው ያሉት ሰባቱ ክፋዮች ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ያበራሉ።

"እትዬ፣ ይህን ምላጭ ሰብረውት ያውቃሉ?"

"ምነው ልጄ! ደህናውን ምላጭ ምን በወጣኝ እሰብራለሁ?"

በፒንሳ ጠቅ አድርጌ ሰበርኩትና አንድ ካርቶን ሰጠኋቸው። እንደ ቅቤ ሄደላቸው። ቆጣቢነታቸው ይገባኛል፤ እኔም ያደግሁት ምንም በማይጣልበት ቤት ነው። እዚህ ላይ ግን ቁጠባው ጣት ያስከፍላል። ስለታም ካተር እናንተ በመራችሁት መስመር ይሄዳል። ዱልዱሙ በኃይል ስትገፉት ይዝና ይዝና ድንገት ይለቃል፤ ሲለቅ የት እንደሚያርፍ ደግሞ አታውቁም። የግራ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የመጣው እንደዚያ ነው፣ ሦስት ቦታ ተሰፍቻለሁ። ያን ቀን ሩብ ደቂቃ ወስጄ ጫፉን ብሰብረው ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር።

አሰባበሩ እንዲህ ነው። አንዷን ክፋይ ብቻ ከእጀታው አውጡና ቆልፉ። መስመሩ የተሰመረበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። ጫፏን በፒንሳ ያዙና ወደ ታች ስበሩ። ወደ መስመሩ ፊት ካጠፋችሁት ባልሆነ ቦታ ይሰበራል። ፒንሳ ከሌለ የእጀታውን ጭራ እዩት፤ ብዙዎቹ ላይ የሚነቀል ቆብ አለ፣ ቆቡ ላይ ያለው ስንጥቅ ለዚሁ የተሰራ ነው። በጣት አትስበሩ። በጥርስ የሚሰብር ሰው አይቻለሁ፤ እባካችሁ። ስትሰብሩ ፊታችሁን አዙሩ፣ ቁራጩ ይፈናጠራል።

ሰብራችሁትም ቶሎ ቶሎ የሚዶለዱም ከሆነ የምትቆርጡትን እዩ። ጂፕሰም ቦርድ ስለት ይበላል። ሙሉውን ለመቁረጥ አትታገሉ፤ የፊቱን ወረቀት በካተር ስመሩ፣ ቦርዱን እጠፉት፣ ይሰበራል፣ ከዚያ የጀርባውን ወረቀት ቁረጡ። ሲሚንቶ ላይ ዘርግቶ መቁረጥም ያው ነው፤ ከስር ጣውላ አድርጉ።

ምላጩ እየሰሩበት ይሰበራል

ብዙ አውጥታችሁታል። ከአንድ ወይም ከሁለት ክፋይ በላይ አይውጣ። የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ለመፈልቀቅም አትጠቀሙበት፣ ለዚያ ጠመንጃ መፍቻ አለ።

ስትጫኑት ወደ ውስጥ ይገባል

የመቆለፊያው ጥርስ አልቋል። ጣሉት። ጥገና የለውም። እጀታው ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነው ርካሹ ካተር በጥቂት ወር እንዲህ ይሆናል፤ ሰው እጅ ላይ የሚከዳ ዕቃ እየሰሩ መሸጥ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ውስጡ የብረት ሐዲድ ያለውን ግዙ።

የወለል ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል

ይህ የእኛ አገር ችግር ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። ፕላስቲክ ሲበርደው ይደርቃል። ከመጋዘን አምጥታችሁ ጥቅሉን ወዲያው ከፈታችሁት ካተሩ ከነካበት ጀምሮ ይተረተራል። አንድ ደንበኛ ከሠርግ በፊት ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ራሱ ጀመረው፤ እኔ ስደርስ መሃል ሳሎኑ ላይ የክንድ ያህል ተሰንጥቆ ነበር። ለእሱ የሚሆን መፍትሄ አልነበረኝም፣ ሌላ ገዛ።

ጥቅሉን ቀድማችሁ በዋዜማው ክፍሉ ውስጥ ዘርጉት። ካልሆነ ፀሐይ ላይ አውጡትና ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ተርማበርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ከሰራችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሙቀቱ ይለጠጣል፣ ልክ ነው ብላችሁ የቆረጣችሁት ማታ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። የትም ቢሆን ግድግዳው ጋ 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ፣ ሲረጋ በማግስቱ አስተካክሉት።

መስመሩ ይጣመማል

ማስመሪያችሁ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ከሆነ ምላጩ ይነክሰዋል። የብረት ይሁን። በአንድ ጊዜ አትጨርሱ፤ መጀመሪያ ቀለል አድርጋችሁ አስምሩ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በዚያው ቦይ ይሄዳል። ማስመሪያ የያዘው እጅ ምላጩ በሚመጣበት መንገድ ላይ አይሁን።

ጀሪካን ላይ ይንሸራተታል

ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ቆርጦ መቅጃ ወይም የችግኝ ማፍያ ማድረግ ጥሩ ነገር ነው። ግን እጃቸው ተጠቅልሎ የማያቸው ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የተቆረጡት። ጉልበታቸው መሃል ይዘው ወደ ራሳቸው ይስቡታል። በፍጹም! መሬት ላይ አስተኙት፣ ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፣ ምላጩን ከሰውነታችሁ አርቃችሁ ግፉ። ማዕዘኑና መያዣው ጋ ፕላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ ካተር ተዉና በብረት መጋዝ ጨርሱት።

ምላጩ ይጣበቃል ወይም ዝጓል

ፕላስተር የቆረጠ ምላጭ ሙጫ ይይዛል፤ ላምባ በነካው ጨርቅ ጥረጉት። ዝገቱ የሚመጣው ሽንኩርት ወይም ሎሚ ቆርጦ ሳያደርቁ ከማስቀመጥ ነው። የስፌት ማሽን ዘይት ጠብታ ይበቃዋል። የዛገ ምላጭ ከቆረጣችሁ ቁስሉን በውኃና በሳሙና እጠቡና ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የቴታነስ ክትባት ጠይቁ።

የኤሌክትሪክ ገመድ ስትልጡ መዳቡ ይቆረጣል

ዙሪያውን አትቁረጡ፤ እርሳስ እንደምትቀርጹ አጋድማችሁ ላጡ። ብሬከሩን አጥፉ።

የተሰበሩት ጫፎች

ግቢ ውስጥ አትጣሉ። ልጆች ባዶ እግራቸውን ይሮጣሉ። ላምም ሳር ስትግጥ ብረት ትውጣለች፤ የዋጠችው ስለት ጨጓራዋን በስቶ ልቧ አካባቢ ሊደርስና ሊገድላት ይችላል። እኔ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳኑን ሰንጥቄ በዚያ ነው የምከተው፤ ሲሞላ አሽጌ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እቀብረዋለሁ።

ምላጭ ስትገዙ ከማሸጊያው አስወጡና ጎኑን በጥፍራችሁ ዳስሱት። መስመሩ ጥፍር ካልያዘ ሲሰበር ባልሆነ ቦታ ይሰነጠቃል። ቀለል አድርጋችሁ ጎንበስ ስታደርጉት ተጣሞ የሚቀር ከሆነም ብረቱ ለስላሳ ነው። መልሱለትና ቀጥሎ ያለውን ሱቅ ጠይቁ።